የአሜሪካ ድህነት ስድሳ ዓመት ሙሉ ባለበት ቆሟልን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ አሜሪካ በ1964 በድህነት ላይ ጦርነት ካወጀች ወዲህ እጅግ ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች፤ ሆኖም የድህነቱ ምጣኔ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከ11 እስከ 15 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ኖረ እንጂ አልቀነሰም፤ ስለዚህ እርዳታ ድህነትን አያጠፋም፣ ከድህነት የሚያወጣው ሥራ ብቻ ነው፤ ደግሞም ዛሬ በአሜሪካ ድሃ የሚባለው ሰው መኪናና ስልክ ስላለው ድሃ ሊባል አይገባውም፤ በድህነት የሚኖሩትም ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው፤ የእኛ ማኅበረሰብ ግን ያለ ማንም ድጋፍ ሠርቶ ራሱን የቻለ ስለሆነ ይህ ክርክር አይመለከተውም። ጸሐፊው ቁጥር ይጠቅሳሉ፣ ረጋ ብለውም ይጽፋሉ፤ ምላሽ መስጠት ተገቢ መስሎ የታየኝም ስለዚህ ነው። የጠቀሷቸው ቁጥሮች ሐሰት አይደሉም። ከቁጥሮቹ የወሰዱት መደምደሚያ ግን ትክክል አይደለም፤ ጉዳቱም በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም፤ በእንዲህ ያለ መደምደሚያ ላይ ተመሥርተው የሚወጡ ሕጎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችና አዛውንት ማዕድ ድረስ ይዘልቃሉና። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፤ የቀሩት ነጥቦች አብዛኞቹ በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸው። ጸሐፊው የተመረኮዙበት ይፋዊው የድህነት መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ በ1959 ከአገሪቱ ሕዝብ 22.4 በመቶው ድሃ ነበር፤ በ1973 ምጣኔው ወደ 11.1 ወረደ፤ በ1983 ወደ 15.2 ወጣ፤ በ2000 ወደ 11.3 ተመለሰ፤ ከገንዘብ ቀውሱ በኋላ በ2010 እንደገና 15.1 ደረሰ፤ በ2019 ወደ 10.5 ዝቅ አለ፤ በ2023 ደግሞ 11.1 በመቶ ሆነ። በ1973 እና በ2023 የተመዘገበው ቁጥር አንድ ነው ማለት ነው፤ በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ግን የአገሪቱ ምርት በነፍስ ወከፍ ሲሰላ፣ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለትም፣ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሲደርሱ ገንዘቡ የት ገባ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሚገኘው በራሱ በመለኪያው አሠራር ውስጥ ነው፤ እርሳቸውም መለኪያው እንዴት እንደተሠራ አንድ ቃል አልጻፉም።

መለኪያውን የቀመሩት የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር (የመንግሥት ጡረታን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት) ባልደረባ የነበሩት ሞሊ ኦርሻንስኪ ናቸው፤ ጊዜውም 1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኦርሻንስኪ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ላጠረው ቤተሰብ ለጊዜው እንዲሆን ብሎ ያዘጋጀውን እጅግ ቆጣቢ የምግብ ዝርዝር ዋጋ ወሰዱ፤ በ1955 የተካሄደ ጥናት ቤተሰቦች ከገቢያቸው ሲሶ ያህሉን ለምግብ እንደሚያውሉ አሳይቶ ስለነበር ያንን ዋጋ በሦስት አባዙት። የተገኘው ድምር የድህነት መስመር ሆነ። እርሳቸው ራሳቸው የለኩት በቂ የሚባለውን ኑሮ ሳይሆን በእርግጠኝነት የማይበቃውን እንደሆነ በግልጽ ጽፈዋል። መንግሥት ግን በ1969 ስሌቱን ይፋዊ አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የዋጋ ንረት ይጨመርበታል እንጂ መሠረቱ አልተነካም። ዛሬ ምግብ ከአንድ አማካይ ቤተሰብ ወጪ ስምንት እጅ አንዱን ያህል ቢወስድ ነው፤ ሲሶውን የሚወስደው መኖሪያ ቤት ነው። በ1960ዎቹ ለአራት ሰው ቤተሰብ የወጣው መስመር በመካከለኛ ደረጃ ላይ ካለ ቤተሰብ ገቢ ግማሽ ገደማ ነበር፤ አሁን ከሲሶው በታች ወርዷል። በ2023 ለሁለት ወላጅና ለሁለት ልጆች የተቀመጠው መስመር 30,900 ዶላር ሲሆን፣ ይኸው ቁጥር በሚሲሲፒ ገጠርም ኑሮ ውድ በሆነባት በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግም አንድ ነው።

ለክርክራችን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የገቢው ወገን ነው። ይፋዊው መለኪያ የሚቆጥረው ታክስ ሳይነሳለት በጥሬ ገንዘብ የሚገባውን ብቻ ነው። ለምግብ መግዣ የሚሰጠው ፉድ ስታምፕ አይቆጠርም። በሴክሽን ኤይት የሚገኘው የኪራይ ድጎማ አይቆጠርም። ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ሠራተኞች በየዓመቱ ታክስ ሲያሠሩ የሚመለስላቸው የሠራተኛ ታክስ ክሬዲት አይቆጠርም፤ የልጆች ታክስ ክሬዲትም እንዲሁ። ፉድ ስታምፕ በሕግ የቆመው በ1964፣ የሠራተኛው ታክስ ክሬዲት የተጀመረው በ1975 ነው፤ መንግሥት ከ1970ዎቹ ወዲህ ለድሃ ቤተሰቦች የጨመረው ድጋፍ አብዛኛው በእነዚህ መንገዶች የሄደ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ያደረጉት ሚዛን ላይ ያልወጣ እህል ክብደት የለውም እንደማለት ነው፤ እርዳታውን በማይቆጥር መለኪያ ለክተው እርዳታው ለውጥ አላመጣም ብለው ደመደሙ።

ይህን ጉድለት የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ያውቀዋል። የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ያቋቋመው ቡድን በ1995 መለኪያው እንዲታደስ ሐሳብ አቀረበ፤ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮውም ከ2011 ጀምሮ ተጨማሪ መለኪያ የሚባለውን ከይፋዊው ጎን ለጎን በየዓመቱ ያወጣል። ይህኛው የታክስ ክሬዲትን፣ ፉድ ስታምፕንና የኪራይ ድጎማን እንደ ገቢ ይቆጥራል፤ በሌላ በኩል ታክስን፣ ለሥራ የሚወጣውን ወጪ፣ የልጅ መዋያ ክፍያንና ሰው ከኪሱ ለሕክምና የሚከፍለውን ይቀንሳል፤ መስመሩም እንደየአካባቢው የቤት ዋጋ ይለያያል። በይፋዊው መለኪያ ከአገሪቱ አማካይ ብዙም የማትርቀው ካሊፎርኒያ በዚህኛው ሲለካ ከግዛቶቹ ሁሉ የከፋ ድህነት ካለባቸው ተርታ የምትሰለፈው ስለዚህ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መለኪያ መስመሩን አንድ ቦታ ላይ አስረው ወደ ኋላ እስከ 1967 ሲያሰሉት፣ የድህነቱ ምጣኔ በ1967 ከነበረበት 25.8 በመቶ በ2012 ወደ 16.0 መውረዱን አገኙ። እነዚሁ ተመራማሪዎች መንግሥት የሚሰጠውንም የሚወስደውንም ሁሉ አውጥተው ሰዎች ከገበያ የሚያገኙትን ገቢ (ደመወዝንና የመሳሰለውን) ብቻ ሲቆጥሩ ደግሞ ምጣኔው በ1967 27.0፣ በ2012 28.7 በመቶ ሆነ።

እነዚህን ሁለት ጥንድ ቁጥሮች ጸሐፊው አንድ ላይ አስቀምጠው እንዲያዩዋቸው እለምናለሁ። በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ ያልቀነሰው ከገበያ የሚገኝ ገቢ ላይ የሚታየው ድህነት ነው፤ የቀነሰው መንግሥት ጣልቃ ከገባ በኋላ የሚቀረው ድህነት ነው። እርግጥ የገበያው ስሌት በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ የአዛውንቱ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ከደመወዝ ገቢ የሌለው ሰው ስለሚበዛ ያ ቁጥር በከፊል ከዚህ የተነሳ ከፍ ይላል፤ ድጋፉ ባይኖር ኖሮም አንዳንዱ ሰው ሌላ ኑሮ ይመርጥ ነበር። ይህ ሁሉ ታስቦም ቢሆን፣ እርዳታው አልሠራም ለማለት የሚያስችል ቦታ የለም።

የጸሐፊውን መደምደሚያ የሚቃወሙት ለድጎማ የሚያደሉ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሪቻርድ ቡርክሃውዘርና ባልደረቦቹ የ1963ቱን የኑሮ ደረጃ እንደ መስመር ወስደው፣ የዋጋ ንረት ብቻ እየጨመሩበት፣ ታክስንና በዓይነት የሚሰጠውን ዋና ዋና ድጋፍ ሁሉ ቆጥረው ሲያሰሉ ድህነት በ1963 ከነበረበት 19.5 በመቶ በ2019 ወደ 1.6 መውረዱን አሳይተዋል። እነርሱ የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነው፤ በመንግሥት ድጋፍ ላይ የሚኖረው ሰው ቁጥር ማደጉ። ይህ ሊደመጥ የሚገባው ሥጋት ነው፤ ነገር ግን ድህነት አልቀነሰም ከሚለው ጋር አብሮ ሊሄድ አይችልም። እኔ በበኩሌ የ1963 ኑሮን ለዛሬ ሰው መመዘኛ ማድረግን አልቀበልም፤ ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት ሥራ ማመልከት፣ ልጅን ማስተማር፣ ሐኪም ቀጠሮ መያዝ በማይቻልበት አገር የዚያን ዘመን ኑሮ የያዘ ሰው ከድህነት ወጥቷል ማለት አይገባኝም። መስመሩ የት ይሁን የሚለው እንግዲህ እውነተኛ ክርክር ነው፤ ከመካከለኛው ገቢ ግማሽ በታች የሚኖረውን ሰው ድሃ በሚለው የኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት) አለካክ አሜሪካ በቅርብ ዓመታት በ15 እና በ18 በመቶ መካከል ስትሆን ዴንማርክ 6 በመቶ ገደማ ናት፤ በዚህ መንገድ የሚለካው ድህነት በአሜሪካ ብዙም እንዳልተነቃነቀ እቀበላለሁ። ጸሐፊው ይህንን ይዘው ቢከራከሩ ኖሮ ጽሑፋቸው ጠንካራ ይሆን ነበር፤ መልሱም ድጎማውን መቀነስ እንደማይሆን ዴንማርክ ራሷ ምስክር ናት።

ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1988 የፌዴራሉ መንግሥት በድህነት ላይ ጦርነት አወጀ፣ ድህነትም አሸነፈ ብለው የተናገሩትን ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ጠቅሰዋል። ያ የፖለቲካ ንግግር ነው። ፕሬዚዳንቱ የተጠቀሙበትም መለኪያ ከላይ ጉድለቱን ያየነው ያው መለኪያ ስለሆነ በእርሱ ላይ ብዙ አልቆይም።

ይልቁንም በዚያው ይፋዊ መለኪያ ውስጥ እንኳ ጸሐፊው ያለፉትን አንድ ነገር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ጠቅላላው ቁጥር ሲቆም በውስጡ ያሉት ሰዎች አልቆሙም። በ1959 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አሜሪካውያን 35.2 በመቶዎቹ ድሆች ነበሩ፤ በ2019 ይህ ቁጥር 8.9 በመቶ ደርሷል። ሕዝቡ በዕድሜ ሲከፈል በ1959 ከሁሉ ይልቅ በድህነት ይጎዳ የነበረው አዛውንት ነበር ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ግን አይደለም። ታዲያ አዛውንቱ ከድህነት የወጡት ጠንክረው ስለሠሩ ነውን? ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ወንዶች መካከል የሚሠሩት ድርሻ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሲቀንስ ነው የኖረው። የተለወጠው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ነው። ምክር ቤቱ በ1972 ጡረታውን በአንድ ጊዜ 20 በመቶ ጨመረ፤ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግም ጡረታው ከ1975 ጀምሮ የዋጋ ንረትን እየተከተለ በራሱ እንዲያድግ ተደረገ፤ ጡረታ የሌላቸው ወይም ያነሰባቸው ድሃ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ከ1974 ጀምሮ ኤስኤስአይ የሚባለውን ማግኘት ጀመሩ። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ባወጣው ስሌት በ2023 ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻውን 27.6 ሚሊዮን ሰዎችን ከድህነት መስመር በላይ አቆይቷል። ጡረታው በጥሬ ገንዘብ ስለሚከፈል ይፋዊው መለኪያም ይቆጥረዋል፤ መለኪያው እርዳታን በቆጠረበት ቦታ ድህነት ሲወድቅ ታይቷል። (አዛውንቱ ከኪሳቸው ለሕክምና የሚከፍሉት ሲቀነስ ሥዕሉ ይጠቁራል፤ በተጨማሪው መለኪያ የ2023 ቁጥራቸው 14 በመቶ አካባቢ ነው። የቀረ ሥራ እንዳለ ያሳያል እንጂ የተሠራውን አያፈርስም።)

ስለ ጥቁር አሜሪካውያንም ጽሑፉ ምንም ለውጥ የሌለ ያስመስላል። በ1959 ከጥቁር አሜሪካውያን 55.1 በመቶው ድሃ ነበር፤ በ2023 17.9 በመቶ። አሁንም ከአገሪቱ አማካይ እጅግ የራቀ ነው፤ ይህም የሚያስቆጭ ነው። ነገር ግን ከግማሽ በላይ የነበረ ድህነት ከአምስት ሰው ከአንድ ወዳነሰ ድርሻ ሲወርድ፣ በመካከሉም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሥራና የትምህርት በሮችን ሲከፍት፣ አልተነቃነቀም ማለት በዚያ ትግል የወደቁትን ሰዎች ድካም መካድ ነው።

ሦስተኛው ነጥባቸው ከድህነት የሚያወጣው ሥራ ብቻ ነው የሚለው ነው። ሥራ ከድህነት ለመውጣት ዋናው መንገድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ሥራ ሲባል ደመወዙ ስንት ነው መባል አለበት። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከጁላይ 2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ በ1968 የነበረው 1.60 ዶላር በዛሬ ዋጋ ሲመነዘር 14 ዶላር ገደማ ይሆናል። በ7.25 ዶላር በሳምንት 40 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀር የሠራ ሰው 15,080 ዶላር ያገኛል፤ በ2023 ከ65 ዓመት በታች ለሆነ ብቸኛ ሰው የተቀመጠው የድህነት መስመር ግን 15,852 ዶላር ነበር። ሙሉ ሰዓት የሠራ፣ ልጅ የሌለው፣ አንድ ሰው ከመስመሩ በታች ይቀራል ማለት ነው። ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲና ካሊፎርኒያ የራሳቸውን ከፍ ያለ ክፍያ ደንግገዋል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዳላስና በአትላንታ ግን ሕጉ የሚያስገድደው አሁንም 7.25 ዶላር ብቻ ነው። ቀጣሪዎች ብዙውን ጊዜ ከዚህ በላይ መክፈላቸው እውነት ነው፤ ሆኖም በታችኛው የደመወዝ ተርታ ያለው ሰው ሲደራደር የሚመለከተው ወለል ይህ ነው።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥብ ያቀረቡት ምሳሌ የ1990ዎቹ ነው፤ በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የዌልፌር (ለድሃ ቤተሰቦች በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ድጋፍ) ሕግ እናቶችን ወደ ሥራ ስላስገባ ድህነት ቀነሰ ይላሉ። በ1993 15.1 በመቶ የነበረው ምጣኔ በ2000 ወደ 11.3 መውረዱ ልክ ነው፤ ብዙ ነጠላ እናቶችም በእርግጥ ሥራ ገብተዋል። ግን መውረዱ የጀመረው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ በ1993 የሠራተኛው ታክስ ክሬዲት በሰፊው ተጨመረ፤ በ1996 እና በ1997 ዝቅተኛው ክፍያ ሁለት ጊዜ ከፍ አለ፤ በ2000 ሥራ አጥነት 4 በመቶ አካባቢ ደረሰ። ሥራ፣ የተሻለ ክፍያና ድጋፍ አብረው የመጡበት ዘመን ነበር። ሕጉ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሆነ ደግሞ ቀጥለው የመጡት ዓመታት ያሳያሉ፤ ሕጉ በሥራ ላይ እያለ ከ2000 እስከ 2010 ድህነት ወደ 15.1 ተመለሰ። በዚህ ሕግ በየዓመቱ ለግዛቶች የሚሰጠው 16.5 ቢሊዮን ዶላር ከ1996 ጀምሮ ለዋጋ ንረት ሳይስተካከል ስለቆየ በየዓመቱ እየሟሸሸ ሄዷል። በ1996 ልጆች ካሏቸው 100 ድሃ ቤተሰቦች መካከል የዌልፌሩ ገንዘብ 68ቱን ያህል ይደርስ ነበር፤ በ2020 የደረሰው 21ዱን ብቻ ነው። የቀሩት ቤተሰቦች ድህነት አልቀረላቸውም፤ የቀረባቸው ድጋፉ ነው።

ጸሐፊው ስለ 2021 የጻፉትን ክፍል ሳነብ አዝኛለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የጠራ ማስረጃ የለም። እርሳቸው በወረርሽኙ ጊዜ የተበተነው ገንዘብ ሰውን ከሥራ አስቀረ፣ ውጤትም አላመጣም ይላሉ። የሆነውን እንይ። በኤፕሪል 2020 ሥራ አጥነት 15 በመቶ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ከ1930ዎቹ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም። በተለመደው ሁኔታ ድህነት ወደ ላይ መተኮስ ነበረበት። በየቤቱ የደረሰው የ1,200፣ ቆይቶም የ600 እና የ1,400 ዶላር ቼክና ለሥራ አጦች የተጨመረው ሳምንታዊ ክፍያ ግን በተጨማሪው መለኪያ የሚታየውን ድህነት በ2019 ከነበረበት ከ11 በመቶ በላይ በ2020 ወደ 9፣ በ2021 ወደ 7.8 በመቶ አወረደው።

ከዚህ ውስጥ የልጆቹ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። በማርች 2021 የወጣው ሕግ ለአንድ ልጅ 2,000 ዶላር የነበረውን የታክስ ክሬዲት ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ወደ 3,600፣ ከ6 እስከ 17 ዓመት ላለው ወደ 3,000 ዶላር ከፍ አደረገ። ከመጠኑ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ግን ለማን ይደርሳል የሚለው ነበር። ከዚያ በፊት ገቢያቸው እጅግ ዝቅ ያለ ወላጆች፣ ዕዳቸው ከሆነው ታክስ የሚቀነስ ነገር ስለሌላቸው፣ ክሬዲቱን በሙሉ አያገኙም ነበር፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ከሁሉ ያነሰ ይደርሳቸው ነበር። በ2021 ይህ ገደብ ተነሳ፤ ገንዘቡም ግማሹ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ወደ ባንክ ሒሳብ ይገባ ጀመር። በተጨማሪው መለኪያ የልጆች ድህነት በ2020 ከነበረበት 9.7 በመቶ በ2021 ወደ 5.2 ወረደ፤ ይህ መለኪያ ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ዝቅተኛው ነው። ምክር ቤቱ ሕጉን ሳያድሰው ቀረ። በ2022 የልጆች ድህነት 12.4 በመቶ ሆነ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከመስመሩ በታች ተመለሱ፤ በ2023 ደግሞ 13.7 በመቶ ደረሰ። በእነዚህ ዓመታት የወላጆቹ ጠባይ አልተለወጠም፤ ሥራማ እንዲያውም በ2022 ከ2021 ይልቅ በገፍ ይገኝ ነበር። የተለወጠው ሕጉ ነው።

ሰውን ከሥራ አስቀረ የሚለውን በተመለከተ፣ ክፍያው በየወሩ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ የወላጆችን ሥራ የተከታተሉ አብዛኞቹ ጥናቶች ጉልህ የሆነ መቀነስ አላገኙም። ክሬዲቱ ቋሚ ቢሆን ኖሮ ከጊዜ በኋላ አንዳንዶች ሥራ ይተዉ ነበር የሚል ግምት ያላቸው የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አሉ፤ ይህ ሊፈተን የሚችል ግምት ነበር፣ ለመፈተን የሚበቃ ጊዜ ግን አልተሰጠውም። የዋጋ ንረቱንም በዚህ ላይ ማሳበብ ተለምዷል። የ2021ዱ ሕግ ጠቅላላ ወጪ 1.9 ትሪሊዮን ዶላር ነበር፤ የልጆቹ ክሬዲት ጭማሪ ከዚያ ውስጥ ትንሹ ክፍል ነው፤ ከጠቅላላው መርጦ መልሶ የተወሰደው ግን ከልጆቹ ነው።

ድሃው መኪናና ስልክ አለው ወደሚለው ስመለስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነጥብ ከመጀመሪያው ነጥባቸው ጋር ይጋጫል። ድህነት ከ1973 ወዲህ አልቀነሰም ካሉ በኋላ ዛሬ እውነተኛ ድሃ የለም ማለት አይቻልም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለባቸው። ጉዳዩን ለብቻው ብናየውም፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ልብስ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ከሌላው ሁሉ ረክሰዋል፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ መዋያ፣ ሕክምናና የኮሌጅ ትምህርት ግን ከደመወዝ ቀድመው ሮጠዋል። የመጀመሪያዎቹን አንድ ጊዜ ገዝቶ መቆየት ይቻላል፤ ኪራይ ግን በየወሩ መጀመሪያ ይመጣል፣ ሲያልፍም ከቤት ያስወጣል። መኪናም ቢሆን አውቶቡስ በማይደርስባቸው በአብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ሥራ የሚያደርሰው እርሱ ነው። ሥራ ብቻ ያወጣል የሚሉ ሰው ወደ ሥራ የሚያደርሰውን መኪና የሀብት ምልክት አድርገው መቁጠራቸው አስገርሞኛል።

ድሆቹ ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው የሚለው አጭር መልስ ይበቃዋል። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ከ2009 እስከ 2012 አንዳንድ ቤተሰቦችን በየወሩ እየተከታተለ ባጠናው መሠረት፣ በአራቱ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወር ከድህነት መስመር በታች ያሳለፈው ከሕዝቡ 34.5 በመቶ ነው፤ አርባ ስምንቱንም ወር ሙሉ ድሃ ሆኖ የቆየው 2.7 በመቶ ብቻ ነው። ሰው ሥራ ሲያጣ፣ ሲታመም፣ ሲፋታ፣ ልጅ ሲወልድ ይገባበታል፤ ብዙው ደግሞ ይወጣል። ሥር የሰደደ ድህነት የለም አልልም፤ አለ፣ በአንዳንድ ሰፈሮች ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል፤ ግን በአንድ ዓመት ቁጥር ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ የእርሱ አካል አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

በመጨረሻም ስለ እኛ ስለራሳችን የተባለው አለ። ማኅበረሰባችን ያለ ማንም ድጋፍ ራሱን ቻለ የሚለው በብዙዎች ዘንድ የሚወደድ አባባል ነው፤ ጥረታችንም እውነተኛ ነው፤ በፓርኪንግ፣ በታክሲና በኡበር፣ በነርሲንግ ሆም፣ በኤርፖርት ሌሊትና ቀን የሚሠሩትን ወገኖቻችንን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ግን ከ1980 በኋላ ከሱዳን የስደተኛ መጠለያዎች የመጡት ወገኖቻችን የገቡት በዚያው ዓመት በወጣው የስደተኞች ሕግ ነው፤ ሕጉም ለመጀመሪያዎቹ ወራት የገንዘብ፣ የሕክምናና የቋንቋ ትምህርት ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዲቪ የመጣው ደግሞ ሌላ ሁኔታ ገጠመው፤ ጸሐፊው ያወደሱት የ1996ቱ ሕግ ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ሰው ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ፉድ ስታምፕና አብዛኛውን የፌዴራል ድጋፍ እንዳያገኝ ከለከለ። ክፍያው ዝቅተኛ፣ እንግሊዝኛው ገና፣ የአገር ቤት ዲግሪው ያልታወቀለት ሰው ድጋፍ ከሁሉ ይበልጥ በሚያስፈልገው ጊዜ በሩ ይዘጋበታል። ብዙዎቻችንን በእነዚያ ዓመታት የደገፈን ታክስ ሲሠራ የሚመለሰው ገንዘብ ነው፤ እርሱንም ከመንግሥት የተሰጠ ድጋፍ አድርገን ስለማንቆጥረው ማንም አልረዳንም እንላለን።

መለኪያዎቹ ሁሉ የማያዩት አንድ ወጪም አለን። ይፋዊው መለኪያ ወደ አገር ቤት የሚላክን ገንዘብ አይቀንስም፤ ተጨማሪው መለኪያም የልጅ መዋያና የሕክምና ወጪን ሲቀንስ ይህን አይነካም። በ2023 በዓመት 33,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት ሁለት ልጆች ይዘው በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ቢኖሩ፣ ከመስመሩ በ2,100 ዶላር በልጠው ድሃ ካልሆኑት ጋር ይመዘገባሉ። በአዲስ አበባ ወይም በደሴ ላሉ እናትና አባት መድኃኒት በየወሩ 300 ዶላር ቢልኩ በዓመት 3,600 ዶላር ይሆናል፤ ለራሳቸውና ለልጆቻቸው የሚቀራቸው 29,400 ዶላር ነው፣ ከመስመሩ በታች። ይህን ቤተሰብ ጸሐፊው ሠርተው ራሳቸውን ከቻሉት ጋር ቆጥረውታል። ቤተሰቡ ሠርቷል። በ2022 ያጣው የልጆች ክሬዲት ጭማሪም እንደ ልጆቹ ዕድሜ በዓመት ከ2,000 እስከ 3,200 ዶላር ይደርስ ነበር።